ከችፑዱ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ

ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው የቤት ሥራ ጋቢ መጭመቅ ነበር። የታጠበ ጋቢ ለብቻ አይጨመቅም፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ ሁለቱም ወደየቀኛቸው መጠምዘዝ አለባቸው። አንዱ ወደ ግራ ካዞረ ጋቢው አብሮ ይዞራል እንጂ ጠብ የሚል ውሃ የለም። ታደሰ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ይህ ጠፍቶት አይደለም፣ እኔን ለማሳቅ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይጀምራል። የዚያን ቀንም ወደ ግራ ጀመረ። ጣቱ ከመቅጠኑ የተነሣ ቀለበቱ እየወለቀ ስላስቸገረው በክር አጥብቆት ነበር። ጋቢውን ገመዱ ላይ ከሰቀልን በኋላ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን እየሰበሰበ «የቀረውን ፀሐይ ትጨርሰው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሣም።

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ሆናችሁ «አስካለ የት ገባች?» ለምትሉኝ፣ እንደ እኔም የለመዳችሁትን ትታችሁ ሰው አገር ለገባችሁ ነው። ባሕር አልተሻገርኩም፣ ፓስፖርትም የለኝም። ከደብረ ብርሃን ሐዋሳ ነው የመጣሁት። በአውቶቡስ ቢሆን የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ እኔ ግን እስካሁንም ደርሼ ያበቃሁ አይመስለኝም።

ታደሰን የገደለው ጉበቱ ነው። አዲስ አበባ ወስጄ ያሳየሁት ሐኪም እንዲህ ነው ያለኝ። ሰፈሩ ግን ከሐኪሙ ቀድሞ ነበር። በዚያን ጊዜ የከሳ ሰው ሁሉ በሽታው አንድ ነው፤ ስሙን የሚጠራው የለም፣ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ንፍሮውን እየዘገኑ ዓይናቸውን ከአንገቴና ከክንዴ ላይ አይነቅሉም ነበር፤ እኔም መክሳት ጀምሬ እንደሆነ ሊያዩ። በሕይወት ሳለ ታላቅ እኅቱ እትዬ ዘውዴ «ተመርመርና አፋቸውን እንዝጋው» ብትለው፣ መመርመር ሐሜቱን ማመን ነው ብሎ እምቢ አላት። እሱ ከሞተ በኋላ እኔም እምቢ አልኩ። እሱ የዘጋውን በር እኔ ልከፍተው አልፈለግሁም።

ሙት ዓመቱን ካወጣሁ በኋላ ሐዋሳ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሙሉ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሳ እንደምትሸጥና አጋዥ እንደምትፈልግ ላከችብኝ። ሌሊት፣ ገና ሳይነጋ፣ እትዬ ዘውዴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ብርዱን ታውቁታላችሁ። በሶና የገብስ ቆሎ በከረጢት አስይዛኝ «እዚያ ገብስ የለም አሉ» አለች። ስንሳሳም ጆሮዬ ሥር «ደኅና ሁኚልኝ። አንቺ ደኅና ከሆንሽ እኮ እሱም...» ብላ አቆመች። የጎደለውን ቃል አወቅሁት። እኔ ሳልታመም ከኖርኩ ወንድሟ ከሐሜት ነፃ ይወጣል ማለቷ ነው። እንግዲህ ገላዬን የታደሰ ምስክር አድርጌ ተሳፈርኩ።

ደብረ ብርሃን ላይ ደራርቤ የለበስኩትን በየከተማው እያወለቅሁ መጣሁ። አዲስ አበባ ላይ ጋቢውን፣ ሞጆ ላይ ሹራቡን፣ ዝዋይ ላይ ሻሹን። ሻሸመኔ ስንደርስ በጥቁሩ የሐዘን ቀሚሴ ብቻ ቀርቼ፣ የወለቀው ልብስ እቅፌ ላይ ተቆልሎ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «እናት፣ ልብስ ነጋዴ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሐዋሳ ሜዳ ናት። ዳገት ለምዶ ለኖረ ሰው እግሩ ሥራ የሚፈታ ይመስለዋል። ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግሥት ስለነበር ባንዲራው ገና በየሱቁ ደጅ ነበር። ሙሉ በማግሥቱ አሞራ ገደል ይዛኝ ወረደች። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አስጠግተው የያዙትን የሚሸጡበት ቦታ ነው። አባ ኮዳ የሚሉት ትልልቁ ወፍ ካፖርት ለብሰው ለቅሶ የደረሱ ሽማግሌዎች መስሎ ተደርድሮ ቆሟል። ሰዉ ጥሬ ዓሣ በሚያቃጥል ዳጣ እያጠቀሰ ይበላል። እኛ ዓሣ የምናውቀው በቆርቆሮ ታሽጎ ነው፤ እሱንም ሱቅ መደርደሪያ ላይ። ያን ቀን ምሳዬ የእትዬ ዘውዴ በሶ ነበረ። ዛሬ የዓሣ ጉላሽ ሠርቼ ለሰው አበላለሁ፤ ጥሬውን ግን ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እስካሁን አልደፈርኩም።

መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ። ከአገር ቤት መሸኛ ይዤ ነው የመጣሁት። ጸሐፊው ወጣት ልጅ ነው፣ ትሑት፣ ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ባለትዳር ይላል። ባለቤትዎስ?»

«ሞቷል።»

«መሸኛው ላይ ግን አሉ። ቤተሰብ የሚዛወረው አንድ ላይ ነው፤ እሳቸው ሳይለቁ እርስዎን ብቻ መመዝገብ ያስቸግረኛል።»

«እሱማ ቀድሞኝ ለቋል» አልኩት።

«ወዴት?»

«ወደ መቃብር።»

ልጁ ብዕሩን አስቀምጦ አሰበ። ከልቡ ሊረዳኝ ፈልጎ «እንደዚያ ከሆነ ለዚያኛው ቀበሌ እሳቸው ራሳቸው ቢያመለክቱ ይፈጥናል» አለኝ። ታደሰ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ታደሰ ቢሰማው ለተማሪዎቹ ሲያወራው ይኖር ነበር።

ቤት ያገኘሁት ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ፣ አቶ ዳንጊሶ የሚባሉ ሰው ግቢ ውስጥ ነው። ስማቸውን ለውጫለሁ፤ የሌሎቹንም እንዲሁ። ተርታውን የተሠሩ ክፍሎች ናቸው። የእኔንና የጎረቤቴን ክፍል የሚለየው ችፑድ ነው፤ ወዲያ ያለው ሰው ሲያስነጥስ ወዲህ ያለው «ይማርህ» ይላል። አቶ ዳንጊሶ ቁልፉን ሳይሰጡኝ ባሌ በምን እንደሞተ ጠየቁኝ።

«በጉበት» አልኳቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ጉበትማ ሁላችንም አለን» አሉ።

ቀጥለው ሕጋቸውን ነገሩኝ። ከሰል ቤት ውስጥ አይቀጣጠልም። በር ከመሸ አይንኳኳም። ያ በሽታ ያለበት ሰው ግቢያቸው አይገባም፣ ገብቶ ከተገኘም ያድራል እንጂ አይሰነብትም። እሳቸው ክፉ ሆነው ሳይሆን ተከራይ ስለሚሸሽ ነው። እኔም ክፉ እንዳልሆኑ አምኜ ቁልፉን ተቀበልኩ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ከችፑዱ ወዲያ ያሉት ማርታና ማቴዎስ ናቸው። ማርታ ልብስ ሰፊ ናት፣ የዚሁ የሲዳማ ልጅ፤ ማቴዎስ ባጃጅ ይነዳል። ጴንጤዎች ናቸው። ማታ ማታ ሲዘምሩ እኔ ወዲህ ውዳሴ ማርያሜን እደግማለሁ፤ እግዜር ሁለታችንንም እንዴት እንደሚለየን እሱ ያውቃል። ማርታ ነፍሰ ጡር ነበረች። በመጣሁ በሳምንቱ ቆጮ በጎመን ይዛልኝ መጣች። በመጀመሪያው ጉርሻ መኮምጠጡ ፊቴን ሲያጨማድደው አይታ እስክትደክም ሳቀች፤ ከዚያ ጀምሮ እትዬ እያለች ትጠራኛለች።

ጋቢው መታጠብ ነበረበት፤ የሚጨምቅ ሁለተኛ ሰው አጥቼ ለብዙ ጊዜ ተወሸቀ። ማርታ ሰምታ ማቴዎስን ላከችልኝ። ፊት ለፊት ቆምን፣ ጫፍና ጫፉን ያዝን። ማቴዎስ ወደ ግራ አዞረ። ጨምቆ ስለማያውቅ እንጂ ሊያስቀኝ አይደለም። ጋቢው አብሮ ዞረ። እንባዬ ሲወርድ አይቶ እጄን ያሳመመኝ መስሎት ጫፉን ለቀቀው፤ ጋቢው አፈር ላይ ወደቀ፤ እንደገና አጠብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ በደንብ ጨመቅነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ዓሣ ስገፍ ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ መዳፌን ወጋኝ። ቆሮሶ ጀርባው ላይ እሾህ አለው፤ የዓሣ ሠራተኛ እጅ መቼም ከቁስል አይነፃም። ደሙን አጥቤ ሥራዬን ቀጠልኩ። እኩለ ቀን ላይ ልብስ ልቀይር ወደ ቤት ስመለስ ማርታ የክፍሏን መቃን ይዛ ቆማለች፤ ውሃዋ ፈስሷል። ማቴዎስ ተደውሎለት ባጃጁን እያበረረ መጣ። ከኋላ ደገፍኳትና ወደ ጤና ጣቢያ ተነሣን። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ባጃጁ ይንገላታል፤ ግማሽ ሳንሄድ ማርታ «እትዬ፣ መጣ» አለችኝ። እውነትም መጣ። እኔ ወልጄ አላውቅም፣ አዋልጄም አላውቅም። በባዶ እጄ ተቀበልኩት፣ በነጠላዬ ጠቀለልኩት፤ ውሃውም ደሙም እስከ ክርኔ ወረደ። ልጁ ወዲያው አለቀሰ። ማቴዎስ ወደ ኋላ እየዞረ ሊያይ ሲል ማርታም እኔም አንድ ላይ ወደ ፊት ተመልከት ብለን ጮኽንበት።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ነርሷ ወጥታ ልጁን ተቀበለችኝ፣ ማርታን አልጋ ላይ አስተኙ። ማርታ ሁሉም ነገር ደኅና መሆኑ ተነግሯት ብቻችንን ስንቀር እጄን ያዘችና መዳፌን ገለበጠችው። ቁስሉ ተከፍቶ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው፣ ጠዋት።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ እኔ የዚያ በሽታ መድኃኒት እወስዳለሁ። ማቴዎስም ይወስዳል። ደሜ ቁስልዎ ላይ ፈስሷል። ነርሷን አሁኑኑ ያናግሯት» አለችኝ።

እስቲ አስቡት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። አቶ ዳንጊሶ ግቢ ውስጥ እየኖረች፣ ገና አራስ አልጋ ላይ ሆና፣ ከመጣሁ ዓመት ላልሞላኝ መጤ ቤቷን በእጇ አስረከበችኝ። በእኔ አንድ ቃል ከነሕፃኗ ሜዳ ላይ ትወድቃለች። ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። መዳፌን ይዤ ነርሷን ፍለጋ ወጣሁ።

ነርሷን ሲስተር አልማዝ እላታለሁ። እጄን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ረጅም ጊዜ አሳጠበችኝ። በረኪና ጠየቅኋት። «እጅዎ እኮ የወለል ንጣፍ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ አስቀምጣ በእርጋታ አስረዳችኝ። ማርታ መድኃኒቷን በሥርዓት ስለምትወስድ ሥጋቱ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ቫይረሱ ሥር ሳይሰድ የሚከላከል መድኃኒት አለ። ቶሎ ነው መጀመር ያለበት፣ ቢቻል ዛሬ፣ ቢዘገይ ከሦስት ቀን ሳያልፍ፤ ከዚያ ካለፈ ዋጋ የለውም። ጠዋትና ማታ ለአንድ ወር ይዋጣል። አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ላይ መርፌ ለሚወጋቸው ሐኪሞች የሚሰጥ ነው። «እርስዎ ደግሞ ዛሬ የአዋላጅ ሥራ ሠርተዋል፤ የአዋላጅ መድኃኒት ይገባዎታል» ብላ ፈገግ አለች።

ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። ያን ጊዜ «መጀመሪያ ግን ደምዎን እንመርምር» አለች።

እጄን መለስኩ። «ምርመራው ይቅርና መድኃኒቱን ስጪኝ።»

«ከዚህ በፊት በደምዎ ውስጥ ካለ ይህኛው አይበቃዎትም፣ ሌላ ሕክምና ነው የሚያስፈልግዎት። ሳላውቅ ብሰጥዎ እጎዳዎታለሁ።»

ነገ እመጣለሁ ብያት ወጣሁ።

ሞት ፈርቼ አልነበረም። ታደሰን ከቀበርኩ በኋላ ሞት ያን ያህል የሚያስፈራኝ ነገር አይደለም። የፈራሁት ለእሱ ነው። ደሜ «አለ» ካለ፣ ንፍሮ እየዘገኑ ክንዴን ያዩ የነበሩት ሁሉ እውነታቸውን ሊሆን ነው። እትዬ ዘውዴ ቀና ብላ የምትሄድበት ምክንያት ሊጠፋ ነው። ከዚያም በላይ፣ ያ ወደ ግራ እያዞረ የሚያስቀኝ ሰው ከእኔ የደበቀው ነገር ነበረ ወይ ብዬ ቀሪ ዘመኔን ስጠይቅ ልኖር ነው። ሳልመረመር ብቀር ደግሞ መድኃኒቱ አይሰጠኝም፣ ሦስቱ ቀን ያልፋል። ለአንድ ሙት ስም ስል የራሴን ዕድሜ እንደማስይዝ ገብቶኛል። ቢሆንም በማግሥቱ አልሄድኩም። አሞራ ገደል ወርጄ፣ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ዘይት አፍልቼ ዓሣ ስጠብስ ዋልኩ። ሙሉ ምን ሆነሻል ብትለኝ ዓሣ ወጋኝ አልኳት፤ ውሸት አልነበረም።

ማርታ ቤቷ ገብታለች። እናቷ ከገጠር መጥተው ቅቤ ቀብተዋታል፤ አራስ ደጅ አትወጣም ብለው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሲመሽ ችፑዱ ሁለት ጊዜ ቷ ቷ አለ።

«እትዬ፣ ሄዱ?»

«ነገ» አልኩ።

ልጁ አለቀሰ፣ ጡት ሲሰጠው ዝም አለ።

«የሚፈሩት ለራስዎ ነው ወይስ ለጋሼ?»

ታደሰን አይታው አታውቅም። ጋሼ ብላ ስትጠራው ግን ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ መሰለኝ። አልቻልኩም፤ ችፑዱን ተደግፌ ሁሉንም ነገርኳት፤ ለቅሶውን፣ ክንዴን ሲያዩ የነበሩትን፣ የእትዬ ዘውዴን ያልተጨረሰ ቃል። ፊቷን ስለማላይ ይሆናል የቀለለኝ።

እሷም የራሷን ነገረችኝ። ከዚህ ልጅ በፊት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ያኔ ሰው ምን ይለናል ብለው ሳይመረመሩ ወለዷት። ልጅቷ ሁለተኛ ዓመቷን አልደፈነችም። ከተቀበረች በኋላ ነው የተመረመሩት። አሁን ማርታ መድኃኒቷን ስለወሰደች ለዚህኛውም መከላከያ ሽሮፕ ስለተሰጠው ሐኪሞቹ ጥሩ ተስፋ አለው ብለዋታል።

«ጋሼን ከእንግዲህ ሐሜት አያገኛቸውም፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ። «የሚታሙት እርስዎ ነዎት፤ እሱንም ችለውታል። ልጄን የተቀበሉ ሰው በእኔ ደም ቢታመሙ ግን እኔ አልችለውም። ለእሳቸው ብለው እምቢ ካሉ፣ ለእኔ ብለው እሺ ይበሉ።»

ያን ሌሊት ተኛሁ ብላችሁ አትመኑኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማቴዎስ ሳልጠራው ባጃጁን ደጄ ላይ አቁሞ ጠበቀኝ። መንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ጉድጓዱን ሁሉ ግን እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው ያለፈው። ሲስተር አልማዝ ለምን ዘገዩ አላለችኝም። ጣቴን ወግታ ደሙን ወሰደችና ውጪ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችኝ። በቀኝ አንድ ወታደር፣ በግራ አንዲት ተማሪ ተቀምጠዋል። ማንም ማንንም አያይም። እኔ ታደሰን ነበር የማናግረው። ምንም ቢሆን አልጣላህም አልኩት። ከንፈሬ ተንቀሳቅሶ ኖሮ ልጅቷ ዘወር ብላ አየችኝ፤ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ተጠርቼ ገባሁ። «ደምዎ ውስጥ የለም» አለች ሲስተር አልማዝ።

ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ምስጋና አልነበረም። «እንግዲያው ባሌ ነፃ ነው ማለት ነው!» አልኩ። ስልኬን ከቦርሳዬ ማውጣት ጀምሬ ነበር፤ ለእትዬ ዘውዴ ልደውል።

ሲስተር አልማዝ ወንበሯን አስጠጋች። «እሱን ልነግርዎ አልችልም» አለች። «ባልና ሚስት ሆነው፣ አንዱ ኖሮበት ሌላው የሌለበት ብዙ እናያለን። ይህ ውጤት የእርስዎ ብቻ ነው። ስለ እሳቸው በክፉም በደግም አይናገርም።»

መጀመሪያ ተናደድኩባት። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ በገላዬ ተሸክሜ ያመጣሁትን ምስክር ሸንጎው አልቀበልም አለኝ። ከዚያ ቀስ እያለ ሌላ ነገር ገባኝ። ደሜ ስለ ታደሰ የማይናገር ከሆነ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የፈራሁት ፍርድ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ታደሰ እንዴት ያለ ሰው እንደነበር የማውቀው በወረቀት አይደለም፤ አብሬው ኖሬ ነው። ሐኪሙ ጉበት ነው ብሎኛል፤ አምኜዋለሁ፤ በቃኝ። ደግሞስ ያ በሽታ ቢኖርበት ኖሮ ምን ሊቀንስበት ነበር? ማርታ ምን ጎደላት? ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ የመጀመሪያውን ክኒን እዚያው ፊቷ ዋጥኩ።

መድኃኒቱ ከባድ ነው፤ አልዋሻችሁም። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻል፤ ለዓሣ ጠባሽ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሙሉ አንዳንድ ቀን ከሽታው እንድርቅ «ቲማቲም ስትከትፊ ዋይ» እያለች ዳር ታስቀምጠኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፍልሰታ ገባ። እኔ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም። የጠዋቷን ክኒን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አሻገርኳትና የማታዋ ተከትላት መጣች፤ ጾሙንም መድኃኒቱንም ጠብቄያለሁ ብዬ ኮርቼ ነበር። ሲስተር አልማዝ ስትሰማ ራሷን ያዘች። ከሁለቱ ክኒኖች መካከል ያለው ርቀት እኩል ካልሆነ መድኃኒቱ ጥበቃውን ይተዋል አለችኝና ወደ ንስሐ አባቴ ላከችኝ። እሳቸውም «ጾሙን የሠራልሽ አምላክ ሐኪሙንም ፈጥሯል። በውሃ ዋጪና ጾምሽን ቀጥይ» ብለው ገላገሉኝ። እናንተም ዘንድ መድኃኒቱን ለጾም ብሎ የሚያዘገይ ካለ ይህችን ንገሩልኝ።

የማታዋ ክኒን ሰዓት ምሽት ሁለት ሰዓት ነው። የማርታና የማቴዎስም ያው ሁለት ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ምሽት እንዳልረሳ ብላ ማርታ ችፑዱን ቷ ቷ አደረገችልኝ። እኔም መልሼ አንኳኳሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ወር ሙሉ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሁለት ሰው፣ ወዲህ አንድ ሰው፣ ውሃችንን ይዘን በአንድ ጊዜ እንውጥ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ማኅበር ጠጥቼ አላውቅም።

አቶ ዳንጊሶ አራስ ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ልጁን አቅፈው፣ ጉንጩን ነካ ነካ አድርገው፣ እኔንና ማርታን እያዩ «አያችሁ? ግቢዬን ከበሽታ ስለጠበቅሁት ነው ልጁ እንዲህ ያማረው» አሉ። ማርታ አሜን አለች። እኔም አሜን አልኩ። ሰውዬው ከሄዱ በኋላ የማርታ እናት አራስ እንዲህ አይስቅም ብለው ተቆጡን።

ወሩ አለቀ። ሲስተር አልማዝ ቆይታ መረመረችኝ፤ ከወራት በኋላ ደግማ መረመረችኝ፤ የለም። የልጁ ምርመራ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ከማርታ ጋር ያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እጄን ከመጨበጧ ብዛት ጣቶቼ ነጡ። ልጁም ነፃ ነው። ማቴዎስ ሲነገረው ባጃጁ ውስጥ ገብቶ መሪው ላይ ተደፋና ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። እንዲህ ብዬ ልጽፈው ማርታን አስፈቅጃታለሁ። «ስሜን ይቀይሩትና ይጻፉት፤ አንዲት እናት ታንብበው» ብላኛለች።

ለእትዬ ዘውዴ የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው። መመርመሬንና ደኅና መሆኔን ስነግራት እልልታዋ ስልኩን ሊሰብረው ነበር። ነገ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ለሁሉም እናገራለሁ፣ ወንድሜ ነፃ ወጣ አለችኝ። ሲስተር አልማዝ ያለችኝን ነገርኳት። ደሙ የእኔ ነው፣ ስለ እሱ አይመሰክርም አልኳት።

«ታዲያ ለሰዉ ምን ልበል?» አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ልጅ ድምፅ አነሰ።

«ደግ ሰው ነበር በያቸው። ሌላውን ከጠየቁሽ፣ እናንተስ ተመርምራችኋል ወይ በያቸው።»

ከጀርባዋ ነፋሱ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ይሰማኛል፤ የኛ ቤት ቆርቆሮ ነው፣ ሚስማሩ የላላው፣ ታደሰ እመታዋለሁ እመታዋለሁ እያለ ሳይመታው የቀረው። ያንን ድምፅ ስሰማ እንዴት ወደዚያ መብረር እንዳማረኝ! እትዬ ዘውዴ በመጨረሻ «ጋቢውን ማን ይጨምቅልሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። ማቴዎስ አልኳት። «ወደየት ነው የሚያዞረው?» አለች። እሷም ታውቅ ኖሯል። ሁለታችንም አለቀስን፤ ካርዴ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። መቼ ትመጫለሽ ብላ ልትጠይቀኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ መልሱን ግን እኔም አላውቀውም።

አሁን ጠዋት ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ እጠብሳለሁ። ቆሮሶ የምገፈው ጓንት አድርጌ ነው። የእኔ መድኃኒት ካለቀ ቆይቷል፤ የማርታና የማቴዎስ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ምሽት ሁለት ሰዓት ሲሆን ችፑዱን ሁለት ጊዜ አንኳኳለሁ፣ ከወዲያ መልስ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እተኛለሁ።